ጨው የነካው ጭድ

አዴ ሸምሲያ ሰው የጠየቃቸውን ብቻ ሰጥተው ሸኝተው አያውቁም። ሽንኩርት ልትገዙ ብትሄዱ ቃሪያ ይጨምሩላችኋል፤ ልጅ ታሞባችሁ እንደሆነ ከፊታችሁ አንብበው ሎሚ ይጠቀልላሉ። ከስልጤ ተድረው አምቦ የገቡት ገና በልጅነታቸው ነው። ባለቤታቸው አቶ ከድሮ የከብት ቆዳ ከጌዶ ገበያ ገዝተው፣ ጨው አድርገውበት ለፋብሪካ ይልካሉ። እሳቸው ደግሞ ከሱቁ ጀርባ ለከብት አድላቢዎች የጤፍ ጭድ ይሸጣሉ። እኔን ከእሳቸው ጋር ያገናኘኝ ጭዱ ነው።

በ2011 ዓ.ም. እዚያው አምቦ የማስተርስ ተማሪ ነበርኩ። ጥናቴ ከቆዳ ፋብሪካ በሚወጣ ውሃ ውስጥ ያለውን ክሮሚየም የሚባል ብረት በጤፍ ጭድ መያዝ ይቻላል ወይ የሚል ነው። ጭዱ ታጥቦና ደርቆ ይፈጫል፤ ከዚያ ውሃው በላዩ ሲያልፍ ብረቱ ጭዱ ላይ ይቀራል። ይህን ገበያ መሃል ማስረዳት አሳፈረኝ። ጥናቴን ፈታኞች ፊት ለማቅረብ ስድስት ሳምንት ሲቀረኝ ሄጄ፣ አንድ ማዳበሪያ ጭድ እፈልጋለሁ አልኩ።

"ለምንሽ ነው የኔ ልጅ?"

"ለ... ለአንድ ነገር ነው።"

ከላይ እስከ ታች አዩኝና ፈገግ አሉ። "ከነገ ወዲያ ነዪ፤ አዘጋጅቼ እጠብቅሻለሁ።"

የሰጡኝ ጭድ አቧራ እንኳ አልነበረበትም። የላብራቶሪው የተጣራ ውሃ በወረፋ ስለሆነ፣ እንዲህ የጸዳ ነገር ምን ያሳጥበዋል ብዬ አንዴ ለቅለቅ አድርጌ ተውኩት። ውጤቱ ጉድ ሆነ። ጭዱ የብረቱን ግማሽ እንኳ መያዝ አቃተው። ደገምኩ፤ ያው። ሠለስኩ፤ ያው። አማካሪዬ ዶክተር ፈየራ ደብተሬን አገላብጠው፣ "በዚህማ ዘንድሮ አትቀርቢም" አሉኝ። ጌዶ ያለው አባቴ ያስተማረኝ በሬውን ሸጦ ነው፤ ለሌላ ዓመት የሚሸጠው ሁለተኛ በሬ የለውም።

ቱግ ብዬ በባጃጅ ገበያ ወረድኩ።

"አዴ ሸምሲያ፣ ምን ዓይነት ጭድ ነው የሰጡኝ?"

"ማል ታቴ፣ ምን ሆንሽ? በጉ አልበላም አለ?"

"የምን በግ?"

"ኧረ አትደብቂኝ! አከራይሽ እንዳያውቁብሽ በድብቅ በግ እያደለብሽ አይደል? እንዲጣፍጥለት ብዬ እኮ በጨው ውሃ ነክሬ አድርቄልሻለሁ!"

ንዴቴና ሳቄ ተጋጩብኝ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኔ ዲግሪዬን ላስቀር ነበር። እዚያው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ስለ ጥናቱም፣ ስለ ፋብሪካውም፣ ስለ አባቴ በሬም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም።

"ያን ውሃ ከብት ይጠጣዋል?" አሉ።

"ወንዝ ከገባ ምን ይከለክለዋል?"

ሱቁን ለልጃቸው ለሂዳያ ትተው ተነሡ። ጨው ያልነካው ጭድ አወጡና እጅጌያቸውን ሰብስበው ከእኔ ጋር ማጠብ ጀመሩ። ሁለት ጊዜ አጥበን በቃን ስል፣ "ለሶላት የምንታጠበው ዉዱእም ሦስት ሦስት ጊዜ ነው" ብለው መለሱኝ። አዲሱን ጭድ ላብራቶሪ ወስጄ ስሞክረው ከብረቱ ከመቶ ዘጠና እጁን ያዘ።

በቀኑ ፈታኞች ፊት ቆምኩ። አንደኛው መነጽራቸውን አወለቁ። "ቆዳ የሚቆየው በጨው ነው። የፋብሪካው ውሃም ጨዋማ ነው። ጭድሽ ጨው ሲያገኘው ምን ይሆናል?"

በዚያች ሰዓት አዴ ሸምሲያን ባገኛቸው እግራቸውን እስም ነበር። ደብተሬን ገልጬ እነዚያን ሦስት የከሸፉ ሙከራዎች አሳየኋቸው። "ግማሹን እንኳ አይዝም። ስለዚህ ቆዳው ከመታጠቡ በፊት ጨዉ በደንብ ይራገፍ" አልኩ። አለፍኩ።

የተጠረዘውን ጥናት ይዤ ሱቃቸው ሄድኩ። ሂዳያ የምስጋናውን ገጽ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፤ "ለጭዱም ለጨዉም፣ ለወይዘሮ ሸምሲያ።"

"ስህተቴንም ጻፍሽው?" አሉ ደንግጠው።

"የተመረቅኩት በእሱ ነው።"

እግዜር ይስጥልኝ ብል አነሰብኝ፤ አቅፌያቸው አለቀስኩ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን በሻሻቸው ጠረግ አድርገው ወደ ጓሮ ገቡ፤ ሲመለሱ አንድ ጠቦት እየጎተቱ፣ አንድ ማዳበሪያ ጭድ አዝለው ነበር።

"ለአባትሽ ነው" አሉና ገመዱን እጄ ላይ አኖሩ። "ጭዱን ጨው ነክቶታል፤ ይሄኛውን እንዳታጥቢው።"