ከሥር የሚመጣ ሙቀት

ሙንታሲር ከአርባ ምንጭ ሙዝ የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። አባቱ ከወሎ መጥተው አቃቂ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ በሠሩት ቤት ከባለቤቱ ከነጅላ ጋር ይኖራል። ልጅ የላቸውም። አንድ ቀን ጭነት ሲራገፍ ከሙዙ ዘለላ መሃል ክንድ የማይሞላ ትንሽ ዘንዶ ተጠቅልሎ ተገኘ። ወዛደሮቹ ሊገድሉት ሲሉ ከለከላቸውና በካርቶን ይዞት ቤቱ ገባ። ነጅላ ያን ሰሞን ዘንዶው ያለበት ክፍል ድርሽ አላለችም።

«ሲጠነክር ወደ አገሩ እመልሰዋለሁ» አላት።

የአቃቂ ብርድ ግን ለቆላ እንስሳ አይሆንም። ጓደኛው ሶሬሳ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለነበር የመስታወት ሣጥን ሠራለት። ከሣጥኑ ወለል በግማሹ ሥር የሚሞቅ ሽቦ ዘረጋ፤ ሌላውን ግማሽ ዘንዶው ሲሞቀው እንዲሸሽበት ቀዝቃዛ አድርጎ ተወው። ሽቦውን ከጫጩት መፈልፈያ ካወጣው ቴርሞስታት ጋር አገናኘው፤ ሙቀቱ ከልኩ ሲያልፍ ይቆርጣል፣ ሲወርድ መልሶ ይለቃል።

ዘንዶው አደገ። የሚመለስበት ጊዜ ሲቃረብ ሙንታሲር ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለውና መኪናው ተገለበጠ። አከርካሪው ተሰብሮ ከወገቡ በታች መስማት አቆመ። ከሆስፒታል ሲወጣ አልጋውን ከሣጥኑ አጠገብ አስደረገ። እየፈራች በእንጨት ጫፍ ለዘንዶው አይጥ የምታቀብለው ከዚያ ወዲህ ነጅላ ሆነች። ሙንታሲርም ጠዋት ጠዋት የሣጥኑን ወለል በመዳፏ እንድትለካ ያደርጋታል፤ እጅሽን ካቃጠለሽ ለእሱም በዝቷል ይላታል።

ለሐኪም ቀጠሮ የወጡ ዕለት መብራት አልነበረም። ሲመጣ እንዲሞቀው ብላ ማብሪያውን ሳታጠፋው ሄደች። ሲመለሱ ቤቱ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። መብራቱ የመጣው በኃይል ኖሮ ቴርሞስታቱ ተጣብቆ መቁረጥ አቅቶታል፤ ሽቦው ሲግል ውሏል። ዘንዶው እዚያው ሽቦው ላይ ተጠምጥሟል። ነጅላ ነክታው የማታውቀውን እንስሳ በባዶ እጇ አቅፋ አወጣችው። የሆዱ ቆዳ ወለሉ ላይ ቀረ።

«ግማሹ ቀዝቃዛ ነው እኮ። ለምን አልሸሸም?» አለ ሙንታሲር፣ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ።

ሶሬሳ መጥቶ ያነበበውን ነገራቸው። እባብ ከላይ የሚመጣውን ሙቀት እንደ ፀሐይ ያውቀዋል፤ ከሥር የሚመጣውን ግን ብዙ ጊዜ እስኪላጥ ድረስ ይተኛበታል። ሙንታሲር የራሱን እግር ዐየ። በቅርቡ ነጅላ እግሩ ሥር ያደረገችለት ሙቅ ውሃ የተሞላ የጎማ ከረጢት ተረከዙን አቁስሎት ሳይሰማው አድሮ ነበር።

«ገባኝ» አለ።

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ልዕልት የምታክመው ላምና ውሻ ነው። ቢሆንም ቁስሉን አጥባ መድኃኒት ሰጠች፤ ስትሸኛቸው ግን ቃጠሎው ጥልቅ ስለሆነ ተስፋ ልሰጣችሁ አልችልም አለቻቸው።

ሶሬሳ ሣጥኑን እንደ አዲስ ሠራው። ሽቦውን ከወለሉ ነቅሎ ማሞቂያውን ከላይ ሰቀለው፤ ዘንዶው እንዳይነካውም በወንፊት ሽቦ ከለለው። አንዱ ቴርሞስታት ቢጣበቅ ሌላው እንዲቆርጥ ሁለተኛ ጨመረ። መብራት ሲመጣ ኃይሉ እስኪረጋጋ የሚያቆይ ስታቢላይዘርም አስገባ። ሆን ብሎ አንደኛውን አሰናክሎ ሞከረው፤ ሁለተኛው ቆረጠ። ምንም እንከን አልነበረበትም።

ዘንዶው ግን መብላት እምቢ አለ። ቁስሉ ሸተተ፤ ገላው ላላ። አንድ ረፋድ ነጅላ ቅባቱን ይዛ ስትጠጋ ሙንታሲር እጇን ያዘ።

«ጎህ ሲቀድ ነው የሞተው። ያልነገርኩሽ ቁርስሽን እስክትበዪ ብዬ ነው።»

በሻሽ ጠቅልላ አቃቂ ወንዝ ዳር ቀበረችው። ጎረቤቶቹ አልሐምዱሊላህ አሉ፤ እሷም አልተቀየመቻቸውም። ሶሬሳ ሣጥኑን አፍርሶ ሲወስድ ሙንታሲር ፊቱን እንኳ አላዞረም።

የሚቀጥለው ቀጠሮ ደረሰ፤ ሐኪሞቹ እግሩን እያንቀሳቀሱ የሚያሠሩበት ነበር። ነጅላ አጥባ፣ ልብስ አልብሳ አዘጋጀችው። የጎረቤት መኪና መጥቶ በር ላይ ጥሩምባ ሲነፋ አልሄድም አላት።

«ብንቀር ምን ይቀርብናል ብለሽ ነው?»

ነጅላ ወጥታ ሾፌሩን ይቅርታ ጠየቀችው፤ ተመልሳ ጫማውን አወለቀችለት።