ፎቶዬ መቱ ነው ያለው

ሰላሃዲን መቱ ላይ የጫማ ሱቅ አለው፤ ልቡ ግን ሱቁ ውስጥ ውሎ አያውቅም። ደንበኛ የጫማ ቁጥር ሲጠይቀው እሱ ስለ ሶር ፏፏቴ ያወራል። እሑድ ሲደርስ ካሜራውን አንግቶ አንዴ ወደ ቡሬ፣ አንዴ ወደ ኡካ ይነጉዳል። ከመንገድ ሲመለስ ደግሞ ላፕቶፑ ላይ ተደፍቶ፣ ከኢንተርኔት በነፃ ባወረደው ጊምፕ በሚባል ሶፍትዌር ፎቶ ሲያሳምር ይውላል። ሚስቱ ሚስኪ «ያየኸውን አገር እንደ አዲስ ልትሠራው ነው እንዴ?» እያለች ትተርበዋለች። እውነቷን ነው። የመብራት ሽቦ ያጠፋል፣ የወዳደቀ ፌስታል ያጠፋል፣ የሰው ላም እንኳ አይምርም። ከአንድ ጥግ ቅጠል ቀድቶ ሌላው ላይ ሲለጥፍ ማንም አይነቃበትም።

ባለፈው ዓመት ያዮ ጫካ ገባ። የፈለገው ትልቅ ዛፍ ላይ የተሰቀሉ የንብ ቀፎዎችን ማንሳት ነበር። የቀፎዎቹ ባለቤት ጋሼ ዋቁማ ጭቃውን አብረውት ወርደው ዛፉን አሳዩት፤ ማርም አቀመሱት። ካሜራውን ሲያወጣ ግን «ቆይ፣ ቆይ!» ብለው ወደ ቤታቸው ሮጡ፤ ያው ሽማግሌ እንደሚሮጠው። ፊታቸውን ታጥበው፣ ኮት ደርበው ተመለሱና ዛፉ ሥር ቀጥ ብለው ቆሙ።

እንግዲህ ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ አይደል? ማራቸውን በልቶ «ጋሼ፣ ገለል ይበሉልኝ» እንዴት ይበል! አነሣቸው። ገና ጣቱ ካሜራው ላይ እያለ ግን «ቤት ስገባ አጠፋቸዋለሁ» ብሎ አስቧል።

«ልጄ ኡርጂ መቱ ስትመጣ ትወስድልኛለች» አሉት።

«ችግር የለም ጋሼ» አለ፤ አፉ መች ሰንፎ ያውቃል።

ቤቱ ገብቶ አጠፋቸው። የቆሙበትን ቦታ ቅጠል አለበሰው። ላፕቶፑ ሞልቶ ስለነበር የተስተካከለውን በዋናው ፎቶ ላይ ደርቦ አስቀመጠው፤ የካሜራውንም ካርድ ለቡሬ ጉዞ ባዶ አደረገው። ዛፉን ፌስቡክ ላይ ሲለጥፈው አድናቆቱ ጎረፈ። እሱም ደስ አለው፤ ምን ይደብቃል!

ዘንድሮ አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሱቁ ገባች።

«አካም ጅርቱ ጋሼ? የዋቁማ ልጅ ነኝ፤ የያዮው» አለችው። «አባዬ አረፈ። አርባው ሳይደርስ ፎቶውን አሳጥበን ቤት ልንሰቅለው ነው። የመታወቂያው ደብዝዞ አይለይም። ሌላ ተነሥቶ አያውቅም። ፎቶዬ መቱ ነው ያለው ይለን ነበር፤ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያወራው ነበር።»

ሰላሃዲን «ነፍስ ይማር። ነገ ነይ» አላትና ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤቱ በረረ። ያላገላበጠው ፍላሽ አልቀረም፤ ከየት ይምጣ! ከዚያ አንድ የሰይጣን ሐሳብ መጣለት። ቡሬ ላይ ያነሣቸው ኮት የለበሱ ሽማግሌ አሉ። እሳቸውን ቆርጦ ዛፉ ሥር ቢያቆማቸው፣ ፊታቸውን ትንሽ ቢያደበዝዘው... ፋይሉን ከፈተው። ከፍቶም አልቀረ፣ መቁረጥ ጀመረ። ከዚያ የገዛ እጁን ተጠየፈና ተወው።

«ምን ሆነሃል?» አለችው ሚስኪ። ነገራት።

«ሰውየው አምነውህ እኮ ነው የታጠቡት!» አለች። «ሂድና ፊት ለፊት ንገራት።»

በማግሥቱ ኡርጂ ስትመጣ ላፕቶፑን ከፍቶ አዞረላት። ከዳር እስከ ዳር ፈለገች።

«አባዬ የታል?»

«አጠፋኋቸው። ዛፉን ከለሉብኝና... ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዋናውም የለም።»

ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ። በጮኸችና በገላገለችው! እሷ ግን ደንበኛ ጫማ የሚለካበት ዱካ ላይ ቁጭ አለች።

«ኮቱን ለብሶ ነበር?»

«አዎ። ቡናማውን። የታችኛው ቁልፍ የለውም፤ እጅጌው ተተርትሯል። ጫማቸው ላይ ጭቃ ነበር።» ሁሉንም ያውቀዋል፤ እያጎላ፣ ክሩን ሳይቀር እያየ ነው ያጠፋው።

«ስቆ ነበር?»

ሰላሃዲን ለማስታወስ ታገለ፤ እንቢ አለው። ማጥፋት የጀመረው ከፊታቸው ነበር፤ ፊታቸውን ሳያጎላው፣ ልብ ብሎም ሳያየው።

«አላየሁም» አላት።