የታጠቡት ጠርሙሶች

ጋሽ ምድር ቤት ይሏቸዋል። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ከመዝገብ ቤቱ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ከሆቴሉ በታች ባለው የወይን ጓዳ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል፤ ሥራቸው ምን እንደሆነ ግን ሌላው ሠራተኛ እስከ ዛሬ አልገባውም። ጠርሙስ ያስተኛሉ። ከዚያ የተኛውን ጠርሙስ ማንም እንዳይረብሸው ይጠብቃሉ። «ይህማ እኔንም አያቅተኝም» ይላል ዘበኛው፣ ወንበሩ ላይ እያንቀላፋ።

አሮጌ ወይን ግን እንደ ዘበኛው አይደለም፤ ባገኘበት ሁሉ አይተኛም። ብርሃን አይወድም፣ ሙቀት አይወድም፣ የሚነቀንቀው ሰው አይወድም። ቡሹ ደርቆ አየር እንዳያስገባ በጎኑ ይጋደማል። ይህን ሁሉ ያስተማሯቸው የቀድሞው የሆቴሉ ባለቤት፣ ሽማግሌው፣ ናቸው። ሽማግሌው ከፈረንሳይ በእንጨት ሳጥን ስድስት ቀይ ወይን አስመጥተው ነበር። አምስቱን በየጊዜው እያጣጣሙ ጠጡ፤ ስድስተኛዋ ላይ ሳይደርሱ ሞቱ። ከመሞታቸው በፊት ግን ልጃቸው እየሰማ «ይቺ ስትከፈት የመጀመሪያው ብርጭቆ ያንተ ነው» ብለዋቸዋል። ጋሽ ምድር ቤት የአምስቱን ቡሽ ነቅለዋል፣ ቀድተዋል፣ ብርጭቆ አጥበዋል። ከንፈራቸውን ግን አንድም ቀን አላረጠቡም።

አሁን ባለቤቱ ልጁ ነው። ራሱ ተመልጦ፣ ቦርጩ ቀበቶውን ሸፍኖትም ሁሉም «ልጅየው» ይለዋል። በየዓመቱ ጋሽ ምድር ቤት «ልጄ፣ ወይኗ ደርሳለች፤ ከዚህ በላይ ከቆየች ትደክማለች» ይሉታል። እሱም በየዓመቱ «ለማን ልክፈታት ጋሼ? ትልቅ ሰው ይምጣ» ይላል። ልጅየው ትልቅ ሰው የሚለው መኪናው የሁለት መኪና ቦታ የሚይዝለትን ነው፤ ሌላ መለኪያ አያውቅም።

በመጨረሻ ትልቁ ሰው ተገኘ። ማክሰኞ ለምሳ ይመጣል ተባለና ሆቴሉ ታመሰ። ጋሽ ምድር ቤት እሑድ አርፈው ሰኞ ጠዋት የጓዳውን በር ሲከፍቱ የሳሙና ሽታ ተቀበላቸው።

ስልሳ አንድ ጠርሙስ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ተሰልፎ፣ እያብረቀረቀ፣ እርቃኑን። የወይኑ ስምና ዓመት ያለበት ወረቀት የተለጠፈበት ጠርሙስ አንድም የለም። የልጅየው ሚስት የመጨረሻውን በፎጣ ትወለውላለች።

«ምን አደረጉ፣ እመቤቴ?»

«አጠብኳቸዋ! ኧረ ጋሼ፣ ያ ሁሉ አቧራ! የስንት ዓመት ነው?»

«የሃያ ሁለት። ያጠራቀምኩት እኔ ነኝ።»

«አያፍሩም ደግሞ ሲናገሩ!»

«ወረቀቶቹስ?»

«ውሃ ውስጥ ስዘፈዝፋቸው በራሳቸው ጊዜ ለቀቁ። ሻግተው ያስጠሉ ነበር እኮ! ምን ያደርጋሉ? ወይኑ እንደሆነ ውስጥ ነው።»

ጋሽ ምድር ቤት ራሳቸውን ያዙ። ስልሳው አምና የመጣ፣ ለዘወትር ምሳ የሚቀዳ ተራ ወይን ነው። አንዷ ከነዚያ መሃል ናት፤ በመልክ አትለይም፣ በቁመት አትለይም። ለልጅየው ደወሉ።

«ልጄ፣ ሚስትህ ወይኑን አጠበችው።»

«ጎሽ! ጸዳ?»

ስልኩን ዘጉበት።

የእጅ ባትሪ አመጡ። አሮጌ ወይን አተላ ይጥላል፤ አተላውም ዓመታት በተኛበት ጎን ይጋገራል። ተራው ወይን ይህ የለውም። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያነሱ በብርሃኑ ፊት ያዙ። አርባ ሦስተኛው ላይ፣ ከትከሻ እስከ ታች የተጋገረ ጥቁር ጥላ አገኙ። ግማሹ ከመናወጡ ብዛት ተላቆ ይዋኛል። «እኔን!» አሉ፣ እንደተገጨ ሕፃን እየዳበሷት። አተላው ይዝቀጥ ብለው ጥግ አቆሟትና በሩን ቆለፉ።

ማክሰኞ ትልቁ ሰው መጣ። መኪናው እውነትም ሁለት ቦታ ያዘ። ጋሽ ምድር ቤት ጠርሙሷን ሳያነቃንቁ አቅፈው ደረጃውን ወጡ፤ ቡሹን ትንፋሻቸውን ውጠው ነቀሉ። የሽማግሌውን የቆዳ ቦርሳ የመሰለ ሽታ ወጣ።

«አባቴ የተወልኝ የፈረንሳይ ወይን ነው» አለ ልጅየው ደረቱን ነፍቶ።

ትልቁ ሰው አፍንጫውን ሸበሸበ። «እኔን ቀይ ወይን ይመረኛል። ለስላሳ የላችሁም? ግማሽ በግማሽ ሲሆን ይሻላል። በረዶም ጣል ይደረግበት።»

«እንዴታ! ጋሼ፣ ለስላሳና በረዶ!»

ሃያ ሁለት ዓመት! ለበረዶና ለለስላሳ! የሚሉት አልጠፋቸውም፤ ምላሳቸው ላይ የተሰለፈው ስድብ ከታጠቡት ጠርሙሶች ይበዛ ነበር። ዋጡት።

«ጌታዬ» አሉ ልጅየውን፣ በእንግዳ ፊት አክብረው፣ ድምፃቸውን አለስልሰው፣ «የሙያው ደንብ ነው፤ ቀጂው ሳይቀምስ አይቀዳም። አባትዎም የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለእኔ ብለዋል።»

«አሁን? በእንግዳ ፊት?»

«ይቅመሱ እንጂ! መርዝ ቢኖረውስ?» አለ ትልቁ ሰውና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ልጅየው ከባለ ቀልዱ በላይ ሳቀ።

ሁለት ጣት ያህል ቀድተው ተጎነጩ። መጀመሪያ ኮምጠጥ አለ፤ ወዲያው ለሰለሰ። ከዚያ የደረቀ ፕሪም፣ ከዚያ ዝናብ የነካው አፈር፣ ከዚያም ስም ያላገኙለት ነገር መጣ፤ ከዋጡት በኋላ እንኳ አልሄድ አለ። ሽማግሌው ለምን ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠጡ እንደነበር ያን ጊዜ ገባቸው።

ብርጭቆውን አስቀመጡና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ተበላሽቷል።»

«ምን?»

«አቼቶ ሆኗል፣ ጌታዬ። ይደክማል ብዬ ስንት ዓመት ለመንኩ? ይህን ለእንግዳ ማቅረብ ውርደት ነው።»

ልጅየውን ላብ አጠመቀው። «ሌላ አሮጌ የለም?»

«አባትዎ ሸሽገው ያስቀመጧት አንዲት አለች። ወረቀት የላትም እንጂ።»

«ወረቀት ምን ያደርጋል! ያምጧት!»

ጠርሙሷን ይዘው ወረዱ፤ ከስልሳው እጃቸው የገባውን አንስተው ተመለሱ። ትልቁ ሰው አምና የተጠመቀውን ወይን በለስላሳና በበረዶ በጥብጦ ተጎነጨና ዓይኑን ጨፈነ።

«እህ! ዕድሜው ያስታውቃል!»

«ያስታውቃል እንጂ!» አለ ልጅየው።

ጋሽ ምድር ቤት ወደ ጓዳቸው ሲመለሱ ደረጃው ላይ የልጅየውን ሚስት አገኟት።

«አዩ ጋሼ? ወረቀት ባይኖርም ምን ጎደለ?»

«ምንም። እጅዎ ይባረክ፣ እመቤቴ» አሉ፤ ከልባቸው ነበር።

በሩን ከውስጥ ቆለፉ፤ ንጹሕ ብርጭቆ አወጡ። አተላው እስኪረጋ ጠርሙሷን ፊት ለፊታቸው አቁመው ተቀመጡ። አልቸኮሉም። መጠበቅ እንደሆነ ሙያቸው ነው።