የአወቀ ጥሩምባና ያቺ ኳስ

በእኛ ሰፈር ሰው ሲያየው የሚደነግጥበት ሰው ቢኖር አወቀ ነው። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ስለሆነ ነው። ሰው ሲሞት ጥሩምባውን ይዞ ከኮሌጁ አጥር እስከ አስፋልቱ ድረስ ይዞራል፤ ይነፋና ቆም ብሎ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ሥራውን ከያዘ ብዙ ዘመኑ ነው። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ብቻውን ይኖራል፤ ልጅ አልወለዱም።

የሥራው ክፋት ብርዱና ዝናቡ አይደለም፤ ለእንጅባራ ሰው ብርድ ምኑ ነው። ክፋቱ፣ አወቀ እንደማንኛችንም ሰው ቤት ጎራ ብሎ «እንዴት ዋላችሁ» ማለት አለመቻሉ ነው። በር ላይ ብቅ ሲል የቤቱ እመቤት እጇን ደረቷ ላይ ትጭንና «ማነው ደግሞ?» ትላለች። «ኧረ ማንም የለም፣ ለሰላምታ ብዬ ነው» ሲላት ደግሞ ትቆጣለች፤ «ምነው ታዲያ እንዲህ ታስደነግጠኛለህ!» አንድ ፋሲካ ጎረቤቱ ጋ ሊፈስክ ቢሄድ ቤት ሙሉ ሰው ጉርሻውን ይዞ ቆሞ ጠበቀው። ከዚያ በኋላ ሰው ቤት መሄዱን ተወው። ማንም ተው አላለውም፤ ግን ና ያለውም የለም።

ሰው ሳይደነግጥ የሚቀበለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የዓብዱልሀሚድ ሱቅ በረንዳ። በረንዳው ከኮሌጁ ሜዳ ፊት ለፊት ነው። እዚያ ያለው አግዳሚ የኮሌጁ ቅርጫት ኳስ ቡድን ደጋፊዎች ርስት ነው ማለት ይቻላል። ባለባጃጁ ሀብቱ፣ ዞን ቢሮ የሚሠራው ምህረቴና ሌሎችም ከሥራ ሲወጡ እዚያ ይሰበሰባሉ። እነዚህ ሰዎች ስለ ኳስ ሲከራከሩ ሞት የሚባል ነገር መኖሩንም ይረሱታል። አወቀ ይህን ስለሚያውቅ ክርክሩ እስኪጦፍ ይጠብቅና ቀስ ብሎ መጥቶ የአግዳሚው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ሐሳቡን የሚጠይቀው የለም። እሱም አይናገርም። ቢሆንም አጠገቡ የሰው ትከሻ አለ፤ ለእሱ ይህም ትልቅ ነገር ነበር።

ያን ቅዳሜ ከዳንግላ የመጣ ቡድን ገጠመን። ያሸነፈ ለዋንጫ ያልፋል፤ የተሸነፈ ቤቱ ይገባል። ሰፈሩ በሙሉ አጥሩን ከቦ፣ ግንብ ላይ ወጥቶ ነበር የሚያየው። አወቀም ከነሀብቱ ጎን ቦታ አግኝቷል። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የእድሩ ሰብሳቢ የላከው ሰው ትከሻውን ነካ አደረገው። በቀለች አርፋ ነበር።

በቀለች ከግምጃ ቤት ከተማ የመጣች፣ ኮሌጁ በር ላይ የተቀቀለ ድንች ከነአዋዜው የምትሸጥ ሴት ናት። ጨዋታ ባለ ቀን ድንቿን የማይበላ ደጋፊ አልነበረም። ጠዋት ሳትነሳ ስትቀር አከራይዋ በሩን አስከፍታ አገኘቻት። የሚጠበቅ ዘመድ ስለሌላት ቀብሯ ያኑ ዕለት አስር ሰዓት ላይ እንዲሆን ተወሰነ።

አወቀ «ይቺን ብቻ ልይና» ሊል አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ቤቱ ከሜዳው ጀርባ ነው፤ ሮጦ ጥሩምባውን አመጣና አጥሩ ጥግ ላይ ቆሞ ነፋ።

ያኔ የእኛ ቡድን በአንድ ነጥብ እየተመራ ነው። ኳሷ ይኸነው የሚባለው ልጅ እጅ ገብታለች። ይኸነው ከዘንገና የመጣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ቅርጫቱ ሥር ብቻውን ቆሟል፣ የሚከለክለው ሰው የለም። ጥሩምባው ሲጮህ አጥሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። አወቀ ፊታቸውን አየ፤ ከሀብቱ ጋርማ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። «በቀለች አርፋለች! ቀብሯ ዛሬ አስር ሰዓት ነው!» አለ። ሰዉ ሰማና መልሶ ወደ ሜዳው ዞረ። ይኸነው ግን ኳሷን በሁለት እጁ እንደያዘ አንገቱን ደፍቶ ቀጥ አለ። አንዱ የዳንግላ ተጫዋች ኳሷን ከእጁ መንጭቆ ሄደ፤ ወዲያው የማብቂያው ፊሽካ ተነፋ።

ሰዉ ሜዳው ላይ ዳኛ ሲከብ፣ አሰልጣኝ ሲሳደብ አመሸ። ቀብሩ ላይ የተገኙት ቄሱ፣ ሰብሳቢው፣ አከራይዋ፣ መቃብር ቆፋሪዎቹና አወቀ ናቸው። አስከሬኑን የሚቀባበላቸው ሰው ስላልነበረ፣ እነዚያው ተሸክመው የወጡት እነዚያው አደረሷት።

በማግስቱ በረንዳው ላይ ክርክሩ ተጀመረ፤ ከዚያም ቀን በቀን ቀጠለ።

«ጥፋቱ የአሰልጣኙ ነው» ይላል ሀብቱ። «ረጅሙን ልጅ አስወጥቶ ያንን ፈዛዛ ያስገባል?»

«አሰልጣኙን ተወው» ይላል ምህረቴ፤ እሱ ሁሉንም ነገር እንደ ቢሮ ስብሰባ ነው የሚያስረዳው። «አንደኛ፣ ፀሐዩ ዓይኑን ወግቶታል። ሁለተኛ፣ ልጁ ጫና አይችልም።»

«የምን ፀሐይ! እንጅባራ ላይ ፀሐይ መቼ አየህና!»

«እሺ ፀሐዩ ይቅር። ለምን ቆመ ታዲያ?»

እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ድምፃቸው ይቀንሳል። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ፣ «ልጁ ራሱ ጥሩምባ ሰምቼ ነው ይላል አሉ» አለ።

«ምን ጥሩምባ?» አለ ሀብቱ ቶሎ ብሎ። «ማን ሰማ? አንተ ሰምተሃል?»

«እኔማ አልሰማሁም።»

«በቃ!»

አወቀ አግዳሚው ጫፍ ላይ ነበር። አንዱ ወደ እሱ ያያል ብሎ ጠበቀ። ሁሉም ጫማቸውን ነበር የሚያዩት። የኳሷን አያያዝ፣ የልጁን የእግር አቋም፣ ዳኛው በየት በኩል እንደነበረ፣ ሁሉን ያስታውሳሉ። እሱን ብቻ ረሱት። እንዲህ ያለ መረሳት እኔን ያንገበግበኛል።

ነገሩ ግልጽ ነው። ሰብሳቢው ከቀብር የቀሩትን ሲጠይቅ ሁሉም «ጥሩምባ አልሰማንም» ብለውታል። ሰማን ቢሉ ጎረቤታቸውን ለኳስ ብለው ትተው ቀሩ ማለት ነው፤ እድርተኛ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነውር የለውም። አልሰማንም ካሉ ግን አወቀ አልነፋም ማለት ነው፤ ይኸነውም ያለ ምክንያት የተገተረ ጅል ይሆናል። ሰብሳቢው ነገሩ በሚመጣው እሑድ በስብሰባ ይለያል አለ።

ከስብሰባው ቀደም ብሎ ይኸነው አወቀን ፈልጎ ቤቱ መጣ። በአገውኛ ሰላም አለው። አወቀ ከሚስቱ ሞት ወዲህ ቤቱ ውስጥ አገውኛ ሰምቶ አያውቅም ነበር።

«አባቴ፣ የነፉት እርስዎ ነዎት አይደል?»

«እኔ ነኝ።»

«ሰው ሁሉ አልተነፋም ይላል። ከቡድኑ አስወጡኝ። ካፌ ስገባ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ጥሩምባ እየነፉ ይስቁብኛል።»

«ለመሆኑ ለምን ቆምክ?»

«እኛ ዘንድ ጥሩምባ ሲሰማ የሚያርሰውም በሬውን ያቆማል። ማን እንደሞተ ሳያውቅ እርፉን አይነካም። እኔ አስቤበት አይደለም፤ እጄ ነው የቆመው።» ከዚያ ቀና ብሎ አየው። «እኔ ብናገር ማንም አያምነኝም። እርስዎ እሑድ አንድ ቃል ቢናገሩልኝ ይበቃኛል።»

አወቀ በቀለችን አሰበ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ለሷ የቆመላት ይህ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም በቅጡ አያውቃትም። «እናገራለሁ» አለው። ከልቡ ነበር ያለው።

ቅዳሜ ወደ ማታ በሩ ተንኳኳ። አወቀ ራሱ «ማን ሞተ?» እያለ ዘሎ ተነሳ። ሀብቱና ምህረቴ ነበሩ። ዳቦና ስኳር ይዘዋል።

«ምነው፣ ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን፣ አያ አወቀ። እንዲሁ ልናይህ ነው የመጣነው» አለ ሀብቱ።

እንዲሁ ልናይህ። አወቀ ይህችን ቃል ስንት በር ላይ ሊላት ሞክሮ አቅቶታል። ያለችውን አንድ በርጩማ በጋቢው ጠርጎ ለአንዱ አቀረበ፣ ሌላኛውን አልጋው ላይ አስቀመጠ፣ ሻይ ሊያፈላ ተነሳ፤ ስኒው ሁለት ብቻ ስለሆነ እሱ በጣሳ ጠጣ። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ድንች ዋጋ አወሩ፣ ሀብቱ ባጃጁ ጭቃ ውስጥ ገብታ እንዴት እንዳወጣት ሲያወራ ሦስቱም ሳቁ። በዚያ ቤት ውስጥ ሳቅ ከተሰማ ቆይቷል። የመጡበትን ነገር አወቀ ገና በሩን ሲከፍት ገብቶታል፤ ግን እንዳያነሱት፣ ብቻ እንደዚህ ቁጭ ብለው እንዲያመሹ ይለምን ነበር በልቡ።

በኋላ ምህረቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «አያ አወቀ፣ የነገው ነገር... እኛ ብዙ ነን። ሚስት አለን፣ ልጆች አሉን። ሰምታችሁ ቀራችሁ ከተባልን በሰፈሩ አንገታችንን ቀና አናደርግም።»

«አንተ ግን አንድ ሰው ነህ» አለ ሀብቱ። «ማን ይቆጣሃል? ማን ይቀየምሃል? አንድ ቃል ብትል ነገሩ ያልቃል። እኛም ውለታህን አንረሳም፤ ደግሞ የበረንዳው ሰው ሁሉ ወንድምህ ነው።»

«ልጁስ?» አለ አወቀ።

«ልጁ ተማሪ ነው፤ ነገ ተመርቆ ይሄዳል። እኛ ነን አብረንህ የምንኖረው።»

ሲሄዱ አወቀ እስከ መንገዱ ሸኛቸው። ተመልሶ ገብቶ ሁለቱን ስኒዎች ሳያጥባቸው አስቀመጣቸው።

እሑድ በስብሰባው ላይ ሰብሳቢው አስነሳው። «አወቀ፣ በእግዚአብሔር ፊት ተናገር። ነፍተሃል ወይስ አልነፋህም?»

አወቀ ተነሳ። ነፍቻለሁ ሊል ነበር የተነሳው፤ ይህን እኔ አምንለታለሁ። ቀና ሲል ግን እነዚያ ዓይኖች ሁሉ እሱን ያያሉ። እንደዚያ የታየው ያን ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ያኔ መልሰው ዞሩበት፣ አሁን ግን አልዞሩም።

«ጨዋታው ይዞኝ ሳልነፋ ቀረሁ» አለ።

«አንተ?» አለ ሰብሳቢው። «ከእኛ ጋር ስትሸከማት እያየሁህ?» ሌላ ግን አልጨመረም። ከእንግዲህ እድርተኛው በስልክ እንዲጠራራ ተወሰነ፤ ጥሩምባው ከእቃ ቤት ገባ። የቅጣት ነገር ሲነሳ ሀብቱ ብድግ ብሎ «ሽማግሌ ነው፣ ይቅር እንበለው» ሲል ሁሉም አጨበጨበ።

በማግስቱ አወቀ በረንዳው ላይ ሲደርስ ሀብቱ ከሩቅ አየው። «አያ አወቀ! ምን ጫፍ ላይ ያስቀምጥሃል፤ ና መሐል ግባ!» ብሎ ሌሎቹን አስጠጋለት። በግራም በቀኝም የሰው ትከሻ ነካው። ክርክሩ እንደገና ጦፈ፤ አሰልጣኙ ነው፣ ዳኛው ነው፣ ጫናው ነው። ከዚያ ምህረቴ ወደ እሱ ዞረና፣ «አንተስ አያ አወቀ፣ ቅርብ ሆነህ አይተሃል። ልጁ ለምን የቆመ ይመስልሃል?» አለው።

በዚያ አግዳሚ ላይ ሐሳቡን ሲጠየቅ የመጀመሪያው ነበር። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

«ፈርቶ መሰለኝ» አለ አወቀ።

«አላልኳችሁም!» ብሎ ምህረቴ ጉልበቱን መታ። ሀብቱ ለአወቀ ሻይ አዘዘለት። አወቀ ደስ አለው፤ ደስ ማለቱ ደግሞ አሳፈረው፤ ሁለቱም አልለቀቁትም።

ሻዩን ሳይጨርስ ይኸነው በመንገዱ መጣ። ሻንጣ ይዟል፤ ወደ ሚኒባሱ ነው የሚሄደው። በረንዳው አጠገብ ሲደርስ ቆመና አወቀን በእጁ ጠራው። አወቀ ተነስቶ ሄደ። ሊሰድበኝ ነው ብሎ አሰበ፤ ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

«አባቴ፣ ወደ አገር ቤት ልመለስ ነው» አለ ይኸነው በአገውኛ። «ሳልነግርዎ መሄድ ከበደኝ። ትላንት የተናገሩትን ሰማሁ።»

አወቀ ዓይኑን ሻንጣው ላይ ጣለ።

«ያን ዕለት ቤትዎ የመጣሁ ጊዜ ነፍቻለሁ ያሉኝ፣ እንዳልጨነቅ ብለው ኖሯል። አዝነውልኝ ነው። እኔ ግን በጆሮዬ የሰማሁ ነበር የመሰለኝ፤ ስሟን ሁሉ የሰማሁ ነበር የመሰለኝ።» ጆሮውን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «ለካ አልተነፋም። አሁን ሰው ሲጠራኝም እውነት ተጠራሁ ወይ እያልኩ ሁለቴ ነው የማስበው። ሽማግሌ ሰው በእኔ ምክንያት እንዲዋሹ ላደርግዎ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

ብሎ ጎንበስ አለ፤ የአወቀን ጉልበት ሊስም። አወቀ ትከሻውን ይዞ ቀና አደረገው። ሊነግረው አፉን ከፈተ። ከኋላ ሀብቱ፣ «አያ አወቀ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ እኮ!» ብሎ ጮኸ። መሐል ያለው ቦታው ክፍት ሆኖ ይጠብቀዋል።

«እግዜር ይቅር ይበልህ፣ ልጄ» አለው አወቀ፤ ወደ አግዳሚውም ተመለሰ።