ፕላስቲክ ሽጉጥ ስንት ዓመት ይቆያል

ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ዕቃ ግን አውቃለሁ። ድስት ስገዛ ቂጡን አንኳኩቼ ድምፁን ሳልሰማ ገንዘብ አላወጣም። ሽጉጡንም የገዛሁት እንደዚያው ነው።

በተሰደድኩበት ከተማ፣ ኖርዝጌት አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ቤታችን ከላይዋ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ እንጀራ እሸጣለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ ታግዘኛለች። አንድ ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ ፊቱን የሸፈነ ሰው ገባና የገንዘብ መሳቢያውን ባዶ አደረገው። ያስፈራኝ ገንዘቡ አልነበረም። ሊወጣ ሲል ዞሮ ልጄን ከእግር እስከ ራሷ አያት። ከዚያ ወዲህ የበሩ ደወል ባንቃጨለ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ልጄ የት እንዳለች ነው።

ሕጉ የሚያዘውን ኮርስ ወስጄ ወረቀቱን ያዝኩ። መሣሪያ ቤት ይዘውኝ የሄዱት ጎረቤቴ ጋሼ ናቸው። በወጣትነታቸው ወታደር ነበሩ፤ አሁን የኤርፖርት ሹትል ይነዳሉ። ሶዶ በሚሉት የዚህ ከተማ የመጋዘን ሰፈር አንድ መጋዘን የመሰለ ሱቅ በር ላይ ፓርክ አድርገን ገባን።

ሻጩ ሁለት ሽጉጥ አወጣልን። አንዱ ሙሉ ብረት፣ ከባድ። ሌላው ከእጀታው ጀምሮ የታችኛው ክፍሉ ፕላስቲክ ነው፤ ዋጋው ከብረቱ ግማሽ አይሞላም። ጋሼ ብረቱን አነሱና እንደ ሕፃን ልጅ መዘኑት።

«ይሄ ነው መሣሪያ ማለት። ያ ውሃ ሞልተሽ የምትረጪበት ነው።»

«ዋጋውን አይተውታል ጋሼ?»

«ነፍስሽንም በቅናሽ ልትጠብቂ ነው?»

ፕላስቲኩን ተቀብዬ አገላበጥኩት፤ በጣቴ አንጓ አንኳኳሁት። ድምፁ ድፍን ነው። ሰፈራችን የመጀመሪያው ቢጫ ጀሪካን የመጣ ጊዜ ትዝ አለኝ። እናቴ «ይሄ ፀሐይ ሲነካው ይቀልጣል» ብላ አልነካም አለች። እንስራዎቹ ግን ምንጭ ዳር አንድ በአንድ ተሰብረው አለቁ፤ እኛም በየእንስራው ተገረፍን። ጀሪካኑ ገደል ለገደል ተንከባሎ ወርዶ ደህና ነበር። እና ፕላስቲክ ብዬ አልንቅም።

በምችለው እንግሊዝኛ ሻጩን ስንት ዓመት እንደሚቆይ ጠየቅሁት። ሰውየው አልዋሸኝም። ጥይቱ የሚያልፍበት ሁሉ ብረት ነው አለኝ፤ ቀድሞ የሚደክመው ሞላው ነው፣ እሱም ይለወጣል። ብዙ ሺህ ጥይት ከተተኮሰበት ርካሹ ከውዱ ቀድሞ ይላላል።

«በዓመት ስንቴ ትተኩሺበታለሽ?»

«ለልምምድ ጥቂት ቀን። ከዚያ ውጪ፣ እግዜር ካለ፣ በጭራሽ።»

«እንግዲያው ከአንቺ በላይ ይኖራል» አለ።

ደስ አላለኝም። ከእኔ በላይ የሚኖር ነገር ለማን እንደሚተርፍ አውቃለሁ።

ያም ሆኖ «የመጨረሻ ዋጋው ስንት ነው?» አልኩት። ጋሼ ክንዴን ቆነጠጡኝ። «እዚህም መርካቶ መሰለሽ?» ሻጩ ስቆ አንድ የመወልወያ ብሩሽ መረቀልኝ።

ወስጄው አልሄድኩም፤ አሥር የሥራ ቀን መጠበቅ ግድ ነው። ከነዚያ ቀኖች በአንዱ ራት እየበላን ልጄ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ማም፣ የት ልታደርጊው ነው?»

«አንቺን ምን አገባሽ።»

«ጤፉ ከረጢት ውስጥ። ፓስፖርቱም፣ ሐብልሽም እዛ ነው። ኤርፖርት ላይ ፓስፖርቴን ሲከፍቱት ጤፍ ሲራገፍ፣ በእፍረት ልሞት ነበር፣ አይ ኩድ ሃቭ ዳይድ።»

ልክ ነበረች፤ ያሰብኩት እዚያው ነው። እናቴም የምትደብቀውን ሁሉ እህል ውስጥ ነበር የምትደብቀው። ያን ያህል ቀን ስለ ሞላና ስለ ፕላስቲክ ስመረምር፣ ይቺ ልጅ ቤቴ ውስጥ የማታውቀው ጉድጓድ እንደሌለ አልታሰበኝም። ልጄ ደግሞ አንዳንድ ሳምንት በሯን ዘግታ የምትውል ናት። ምን ሆንሽ ስላት «አይም ፋይን» ነው መልሷ። ፊቱን የሸፈነውን ሰው ከፈራሁት ይልቅ የገዛሁትን ፈራሁ።

ቀኑ ሲደርስ ጋሼ መንገድ ላይ ትንሽ ጨምሪና ብረቱን ውሰጂ ሲሉኝ ነበር። ሱቁ ስንደርስ ፕላስቲኩን ተቀበልኩ፤ ለብረቱ በምጨምረው ገንዘብ ግድግዳ ላይ የሚታሰር ወፍራም የብረት ሳጥን ገዛሁ። ሳጥኑ ከሽጉጡ አሥር እጥፍ ይከብዳል። ተሸክመው ያወጡት ጋሼ ናቸው፤ እያጉረመረሙ።

«ቁልፉን የት ልታደርጊው?»

«ማተቤ ላይ አሥሬ፣ አንገቴ ላይ።»

«እና ሌባ ሲመጣ ቁልፍሽን ከአንገትሽ አውጥተሽ፣ ሳጥን ከፍተሽ፣ ጥይት አጉርሰሽ… እስከዚያ ሰውየው መሳቢያሽን ይዞ ሄዶ የለ እንዴ?»

«ይሂዳ።»

አዩኝ። ኖርዝጌት ደርሰን መኪናውን ካቆሙ በኋላ፣ «ሞላውን ግን በጊዜው አስቀይሪ» አሉኝ።

ሳጥኑን መኝታ ቤቴ ግድግዳ ላይ ያሰሩልኝ እሳቸው ናቸው። ቁልፉን ከማተቤ ጋር ሳስር ልጄ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። መጥታ ሳጥኑን በጣቷ አንጓ አንኳኳች፤ ጆሮዋን አስጠግታ እንደኔ አዳመጠች።

«ይሄኛው ይቆያል» አለችኝ፣ እንግሊዝኛ ሳትቀላቅል።