ማግኔት ያልያዛት ድስት

ይህ የሆነው በኮሮና ጊዜ፣ አየር ማረፊያው ተዘግቶ ሁላችንም ቤት በተከረቸምንበት ዓመት ነው። ቦታው ኩዌት ውስጥ ሱራ የሚባል ሰፈር፣ በቤት ሠራተኝነት የምሠራበት ቤት ነው። እናቴ በናፈቀችኝ ቁጥር ይህ ነገር አብሮ ይመጣብኛል።

ከአገሬ ስወጣ እናቴ አንዲት ትንሽ የሸክላ ድስት በነጠላ ጠቅልላ ሰጠችኝ። በጾም ቀን ሥጋ በነካ ዕቃ እንዳልሠራ ብላ ነው። ሻንጣዬ ቢከብድ ልብሴን ቀንሼ እሷን ያዝኩ። ረቡዕና ዓርብ ሽሮዬ እሷ ውስጥ ሲንተከተክ ኩዌት መሆኔን እረሳለሁ።

አንድ ቀን አሠሪዬ ማዳም የጋዝ ምድጃውን ኢንዳክሽን በሚሉት የኤሌክትሪክ ምድጃ ልትቀይር እንዳሰበች ነገረችኝ። ፍሪጁ ላይ የተለጠፈውን ማግኔት ሰጥታኝ ድስቶቹን ሁሉ እንድሞክር አዘዘችኝ። ማግኔት የማይዘው ድስት በዚያ ምድጃ አይሞቅም። በመጨረሻ የራሴን ሞከርኩ። ማግኔቱ ወለል ላይ ወደቀ። ሸክላ መሆኗን እያወቅኩ ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ሞኝ አይደለሁ!

"ምድጃው ፊት የምትቆሚው አንቺ ነሽ። ጋዙ ይሻላል ወይስ እንቀይረው?" አለችኝ ማዳም።

ጋዙ ይሻላል አልኳት። ያልነገርኳት ነገር ግን ነበር። በዚያው ሳምንት፣ በዓረብኛ ማማ ከቢራ፣ ትልቋ እማማ፣ የምንላቸው የማዳም አሮጊት እናት ጋዙን ሳይለኩሱ ከፍተውት ደርሼ ዘግቼዋለሁ። መርሳት ጀምረው ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ልብስ ሳጣጥፍ ጋዝ ሸተተኝ። ሮጬ ስገባ ማማ ከቢራ ክብሪት ይዘው ምድጃው ፊት ቆመዋል። ክብሪቱን ነጥቄ ጋዙን ዘጋሁ፣ መስኮቱን በረገድኩት። ምን ሊያደርጉ እንደነበር ጠየቅኳቸው።

"ለእናቴ ምሳ ልሠራላት ነው። ርቧታል" አሉኝ።

እናታቸው ከሞቱ ዘመን ሆኗቸዋል። አቅፌያቸው አለቀስኩ። ከዚያ ማዳም ጋ ሄጄ የፊተኛውንም የኋለኛውንም ተናዘዝኩ፤ ቀይሪው አልኳት። ተቆጣችኝ። ምድጃው ተቀየረ።

ዛሬም እዚያው ቤት ነኝ። የጾም ምግቤን የምሠራው ማዳም ለእኔ ብቻ ብላ በገዛችልኝ የብረት ድስት ነው። ደግማ ብትጠይቀኝም ቀይሪው ነው የምላት። አልቆጨኝም ካልኩ ግን ዋሸሁ። እናቴ በስልክ "ድስቷ ደህና ናት?" ስትለኝ፣ በየጾሙ እሠራባታለሁ እላታለሁ። ስልኩን ስዘጋ ከአልጋዬ ሥር አወጣትና ክዳኗን ከፍቼ አሸታታለሁ። እስካሁን ሽሮ ሽሮ ትሸታለች።