የሁለት ጦር አዛዥ

ሰውየው ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ወደ አሻንጉሊት መደብሩ ይመጣሉ። ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። ከጫማ ካርቶን ውስጥ አውራ ጣት የሚያካክሉ የፕላስቲክ የተረት ወታደሮች ያወጣሉ፤ ክንፋም ፈረሰኞች፣ ቀንዳም ግዙፎች። የወታደሮቹን ክንድና ጋሻ በሙጫ ይገጣጥማሉ፤ የወታደሮቹን ዓይን በቀለም ሲቀቡማ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። ከዚያ ሁለቱን ጦር ፊት ለፊት አሰልፈው፣ ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው እየዞሩ ለሁለቱም ወገን ራሳቸው ይጫወታሉ።

ዛሬ ውጊያው ሲያበቃ ባለሱቋ፣ «ማን አሸነፈ ጋሼ?» አለቻቸው።

«እኔ ነኛ! የተሸነፍኩትም እኔው ነኝ» ብለው ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀባቸው።

ባለሱቋ የአቧራ መወልወያዋን አስቀምጣ ከፊታቸው ቁጭ አለች። «እስቲ እኔንም ያስተምሩኝ።»

ሰውየው ከወታደሮቹ ያማረ ያማረውን እየመረጡ ወደ እሷ አዞሩላት።

«ቀስ ብለሽ አስቢ ልጄ፤ እኔን እንደሆነ ቤት የሚጠብቀኝ የለም።»